ከጎኔ የሚቀመጡት አዛውንትና የ12 ቁጥር ማሊያ

የምደግፈው የአየርላንድ ራግቢ ክለብ ሌንስተር በሜዳው በተጫወተ ቁጥር ከጎኔ ከሚቀመጡት አዛውንት ጋር የያዝነው ልማድ አለ። ጨዋታው አልቆ ሰዉ ወደ መውጫው ሲጎርፍ እኛ ቁጭ እንላለን። ለሚቀጥለው ትልቅ ጨዋታ የምንመርጣቸውን 23 ተጫዋቾች በቁራጭ ወረቀት ላይ እንጽፋለን። 15 ቋሚ፣ 8 ተቀያሪ። ከዚያ ወረቀት እንለዋወጣለን። የእሳቸው እኔ ኪስ ይገባል፣ የእኔ እሳቸው ኪስ። ስንገናኝ እናወጣዋለን።

ከግላስጎው ጨዋታ በኋላ የጻፍነው እስካሁን አለኝ። ኤፕሪል 2025 ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ካፕ ሩብ ፍጻሜ፣ ደብሊን፣ አቪቫ ስታዲየም። 52 ለ 0 አሸነፍን። ከዚያ በፊት በነበረው ዙር ደግሞ ሃርለኩዊንስን 62 ለ 0። በሁለት የጥሎ ማለፍ ጨዋታ 114 ነጥብ አስቆጥረን አንድም አልተቆጠረብንም። ሁለታችንም እጃችን እየተንቀጠቀጠ ነው የጻፍነው፤ ከደስታ ብዛት።

ወረቀቶቹ የሚለያዩት አንድ ቦታ ላይ ነበር። አዛውንቱ 12 ቁጥር ላይ (መሃል ሜዳ ላይ የሚጫወተው ነው) "ባሬት" ብለው ጽፈው ሁለት ጊዜ አስምረውበታል። እኔ "ሄንሾው" ብዬ ባሬትን ከተቀያሪዎቹ ጋር አስቀምጬዋለሁ።

ግማሽ ፍጻሜው ሲደርስ አሰልጣኙ ሊዮ ከለንም እንደኔው መረጠ። ሮቢ ሄንሾውና ጋሪ ሪንግሮዝ መሃል፣ ጆርዲ ባሬት ተቀያሪ። ሜይ 3 ቀን ኖርዝሃምፕተን እዚያው አቪቫ መጥቶ 37 ለ 34 አሸነፈን። ክንፋቸው ቶሚ ፍሪማን በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ ሦስት ትራይ አገባ፤ ሦስት ጊዜ ኳሱን ከመስመራችን አሳልፎ መሬት አስነካ ማለት ነው።

ጨዋታው ሲያልቅ አዛውንቱ ወረቀቴን ከኪሳቸው አወጡ። ዘርግተው አዩት። ቃል አልተነፈሱም። አጥፈው መልሰው ሰጡኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ደጋፊው ሁሉ የሚያወራው ስለ 12 ቁጥር ሆነ። ባቡር ላይ፣ ሥራ ቦታ፣ መንገድ ላይ። "የዓለም ምርጡን 12 ቁጥር ከኒውዚላንድ ድረስ አምጥተህ እንዴት ታስቀምጠዋለህ?" ጥያቄው ተገቢ ነው። ባሬት 1 ሜትር ከ96 የሆነ ሰው ነው። ኳስ ይዞ ሲመጣ አንድ ተከላካይ አይበቃውም። ረጅም ምት አለው፤ በአየር ላይ ኳስ ይቀማል። የኒውዚላንድ ተጫዋች ለብሔራዊ ቡድኑ ለመመረጥ አገሩ ውስጥ መጫወት አለበት። ባሬት ግን ልዩ ፈቃድ አግኝቶ በ2024 መጨረሻ ለግማሽ ሲዝን መጣልን። እንዲህ ያለ ዕድል በየዓመቱ አይገኝም።

አዛውንቱ ሐሳባቸውን የነገሩኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። "አየህ ልጄ፣ ሄንሾውን እወደዋለሁ። ግን ሦስት ፍጻሜ ተሸንፈናል። አራተኛውን ለመሸነፍ ከሆነ ለምን ሰው አመጣን?"

ይህ የሦስቱ ፍጻሜ ነገር ለሌንስተር ደጋፊ ገና ያልዳነ ቁስል ነው። በ2022 ማርሴይ ላይ በላሮሼል 24 ለ 21። በ2023 እዚሁ አቪቫ፣ 17 ለ 0 መርተን፣ በዚያው በላሮሼል 27 ለ 26። በ2024 ለንደን ላይ በተጨማሪ ሰዓት በቱሉዝ 31 ለ 22። የ2023ቱ ዕለት እኔም እሳቸውም ስታዲየሙ ውስጥ ነበርን፤ ያኔ ግን አንተዋወቅም። በአንድ ነጥብ ተሸንፎ ከራስ ሜዳ መውጣት ምን እንደሚመስል ሁለታችንም እናውቃለን።

እኔ ግን አሁንም ሐሳቤን አልቀየርኩም። እነዚያን ፍጻሜዎች ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ። ላሮሼል ያሸነፈን መሃል ሜዳ ላይ አይደለም። ከፊት ነው፤ በጉልበት የሚገፉት ግዙፎቹ የፊት ሰዎቻቸው፣ እነ ዊል ስኬልተን፣ ቀስ በቀስ ገፍተው ነው የጨረሱን። በመጨረሻው ሃያ ደቂቃ እግራችን ዝሎ ነበር። ቀዳዳችን እዚያ ነበር። 12 ቁጥር ላይ ሄንሾውን የመሰለ ሰው ያለው ክለብ እዚያ ቦታ ላይ አልተቸገረም።

የኖርዝሃምፕተኑም ሽንፈት ቢሆን በአንድ ስም የሚፈታ አይመስለኝም። ከከለን ጋር ሊያሠለጥን የመጣው ዣክ ኒናበር ያመጣው መከላከል ሁሉም በአንድ መስመር ተፈትልኮ ወደ ፊት የሚሮጥበት ነው። ሲሠራ ተጋጣሚ መተንፈሻ ያጣል፤ ሃርለኩዊንስንና ግላስጎውን ዜሮ ያስወጣቸው እሱ ነው። ግን ኳሱ ያንን መስመር አንዴ ካለፈ ዳር ላይ ያለው ሜዳ ባዶ ነው። ፍሪማን ደግሞ ባዶ ሜዳ ካገኘ አይምርም። ባሬት ከመጀመሪያው ቢገባ ያንን ያስቆመው ነበር? እኔ እጠራጠራለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሁሌ ይደንቀኛል። ኦክቶበር 28 ቀን 2023፣ ፓሪስ፣ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ። ደቡብ አፍሪካ ኒውዚላንድን 12 ለ 11 አሸነፈች። የደቡብ አፍሪካ አሰልጣኝ ኒናበር ነበር፤ ከስምንት ተቀያሪዎች ሰባቱን የፊት ሰዎች አድርጎ የገባ ደፋር። ከተጫዋቾቹ አንዱ ባለ ረጅም ክንዱ አር ጂ ስናይማን። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ኒውዚላንድን ሊያስመራ የሚችለውን ረጅም ቅጣት የሳተው ደግሞ ጆርዲ ባሬት። ዓመት ትንሽ አለፍ ሲል ሦስቱም የሌንስተርን ሰማያዊ ለብሰው አንድ ክለብ ውስጥ ተገናኙ።

ስለ ስናይማን ካነሳሁ የሥራ ባልደረባዬን ሳልጠቅስ አላልፍም። የሊመሪክ ልጅ ነው፤ ደሙ ማንስተር። የሌንስተርና የማንስተር ነገር የሁለት ወንድማማቾች ጸብ ነው፤ ከሩቅ ባላጋራ ጋር ካለው ይብሳል። ስናይማን በ2020 ማንስተር ሲገባ የመጀመሪያ ጨዋታው ከእኛ ጋር ነበር፤ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጉልበቱ ተጎድቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ታከመ። ማንስተሮች ጠበቁት፤ በ2023 ሊጉን ሲያሸንፉ አብሯቸው ነበር። ከዚያ በ2024 እኛ ጋር መጣ።

"እኛ አስታመምነው፣ እናንተ ተጫወታችሁበት" ይለኛል ባልደረባዬ። ሲናገር ድምፁ ይሰበራል። እውነቱን ነው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ሆዴን ይበላኝ ነበር።

ነገሩ ግን ሌንስተር ገንዘብ አሳይቶ የነጠቀበት አይደለም። አየርላንድ ውስጥ አራቱ ፕሮፌሽናል ቡድኖች፣ ሌንስተር፣ ማንስተር፣ አልስተርና ኮናክት፣ በአንድ ፌዴሬሽን ሥር ናቸው። ለአየርላንድ ብሔራዊ ቡድን መጫወት የማይችል ሰው ለማስፈረም ፌዴሬሽኑ መፍቀድ አለበት፤ ቁጥሩም የተወሰነ ነው። ማንስተር ዦን ክላይን የሚባል ሎክ (እንደ ስናይማን የሁለተኛው ረድፍ ገፊ) ነበረው። ክላይን ለአየርላንድ ተጫውቶ የነበረ ሲሆን በ2023 ወደ ትውልድ አገሩ ደቡብ አፍሪካ ማሊያ ዞረ። ያን ቀን በሕጉ የውጭ ተጫዋች ሆነ። በአንድ ቦታ ላይ ሁለት የውጭ ሰው መያዝ አልተቻለም፤ ማንስተር ክላይንን አስቀረ። ይህንን ለባልደረባዬ አሥር ጊዜ አስረድቼዋለሁ። እሱም ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ማወቁ ግን አያጽናናውም።

ይህ የውጭ ተጫዋች ቁጥር ገደብ ስንት ሰው እንዳስለቀሰ! በ2018 ቢልባዎ ላይ ራሲንግ 92ን 15 ለ 12 አሸንፈን አራተኛውን የአውሮፓ ዋንጫ ስናነሳ ጄምስ ሎው አልተሰለፈም። አልተጎዳም፤ ብቃቱም ድንቅ ነበር። ያኔ በአውሮፓ ውድድር ለአንድ ጨዋታ የሚፈቀደው የውጭ ተጫዋች ሁለት ብቻ ስለነበር ስኮት ፋርዲና ጃሚሰን ጊብሰን-ፓርክ ገቡ፤ ሎው በሙሉ ልብስ ቆሞ አየ። ዛሬ ሎውም ጊብሰን-ፓርክም በነዋሪነት መብት የአየርላንድ ተጫዋቾች ናቸው። ያኔ መስፈርቱ ሦስት ዓመት ነበር፤ አሁን አምስት ሆኗል። ስለዚህ እንደ እነሱ መጥቶ "የእኛ ልጅ" ሆኖ የሚቀር ሰው ማግኘት ከብዷል። የዛሬ ፈራሚ አብዛኛው ለአጭር ጊዜ የሚመጣ እንግዳ ነው።

እንግዳ ግን አይናቅም። በ2009 የመጀመሪያውን የአውሮፓ ዋንጫ ስናገኝ፣ ሌስተርን 19 ለ 16፣ የጨዋታው ኮከብ አውስትራሊያዊው ሮኪ ኤልሶም ነበር። አንድ ሲዝን ብቻ ተጫውቶ ሄደ። አዛውንቱ ስሙን ሲጠሩ ዛሬም ኮፍያቸውን ከፍ ያደርጋሉ። በ2012 ደግሞ የ37 ዓመቱ ብራድ ቶርን ለጥቂት ወራት መጥቶ አልስተርን 42 ለ 14 ባሸነፍንበት ፍጻሜ ላይ ተሰለፈ። ያን ዕለት ከጎኑ ትከሻ ለትከሻ ስክረም (የሁለቱ ቡድን የፊት ሰዎች ተያይዘው የሚገፋፉበት) የገፋው ሎክ ማን ነበር? አምበሉ ሊዮ ከለን። የዛሬው አሰልጣኝ። የአጭር ጊዜ እንግዳ ምን እንደሚሠራ በገዛ ትከሻው ያውቀዋል።

ልብ በሉ፣ ኤልሶምም ቶርንም የፊት ሰዎች ናቸው። እኔ ስለ ራባህ ስሊማኒ የምከራከረው ለዚህ ነው። ባሬት የመጣ ሰሞን ስለ ስሊማኒ የሚያወራ ሰው አላገኘሁም። ስሊማኒ 3 ቁጥር ነው፤ ታይትሄድ ፕሮፕ። ስክረሙ ሲገፋ የቀኙን ጎን የሚሸከመው እሱ ነው፤ እሱ ከታጠፈ ሁሉም ይታጠፋል። ለፈረንሳይ ከ50 ጊዜ በላይ ተጫውቷል። ከክሌርሞን መጣ፤ የእኛው ማይክል አላላቶዋ ደግሞ ወደ ክሌርሞን ሄደ። ያን ዓመት ታይግ ፈርሎንግ ብዙውን ጊዜ ተጎድቶ ከሜዳ ውጭ ነበር። ስሊማኒ ባይኖር በክረምቱ ማን ይሸከመን ነበር?

በዚያ ክፍተት ውስጥ አንድ የራሳችን ልጅ አደገ፤ ቶማስ ክላርክሰን። በኖቬምበር 2024 ለአየርላንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈ። "የውጭ ሰው ካመጣህ ልጁ አያድግም" የሚሉ አሉ። ቦታው ላይ ሁለት ጎበዝ ካለ እውነት ነው። ቦታው ባዶ ሲሆን ግን ወጣቱን ብቻውን ከጣልከው ትሰብረዋለህ። ክላርክሰን ስሊማኒ በየቀኑ ልምምድ ላይ ከፊቱ መቆሙ የጠቀመው ይመስለኛል።

ጁን 14 ቀን ክሮክ ፓርክ ላይ የሊጉን ፍጻሜ ቡልስን 32 ለ 7 አሸነፍን። ባሬት ከመጀመሪያው ተሰለፈ፤ ትራይም አገባ። አዛውንቱ ክንዴን ይዘው "አየህ?" አሉኝ። አየሁ። አቀፍኳቸው። ስንብቱ ነበርና ለባሬት ቆመን አጨበጨብን፤ እጄ እስኪቀላ።

ከዚያ እንደ ልማዳችን ቁጭ አልን። ለመጪው ሲዝን ጻፍን። እሳቸው 12 ቁጥር ላይ "ሄንሾው" አሉ። እኔ 3 ቁጥር ላይ "ክላርክሰን" ብዬ ፈርሎንግን ተቀያሪ አደረግኩት። ወረቀቴን ሲያነቡ ቅንድባቸው ወደ ላይ ወጣ። "ገና ነው" አሉኝ፤ "ልጁ ገና ነው።"

ጁላይ ላይ ክላርክሰን አውስትራሊያ ለነበረው ለብሪታንያና አየርላንድ ላየንስ ቡድን፣ የሁለቱ ምርጦች ለሚሰባሰቡበት፣ በተጨማሪነት ተጠራ። ዜናውን እንዳየሁ ደወልኩላቸው።

"ሰምቻለሁ" አሉኝ። ትንሽ ዝም ብለው፣ "ሦስቱን ዋና ጨዋታዎች ግን ማን ከመጀመሪያው እንደሚገባ እናያለን።"

ሦስቱንም ፈርሎንግ ገባ። ከሦስተኛው በኋላ እሳቸው ደወሉ። ወረቀቴን ይዘው እያነበቡ ነበር፤ ሲገላብጡት በስልኩ ይሰማኛል።