ቤት መቀያየሩ ቀላል ነበር፣ የቪዛው ወረቀት ነው ያንገበገበን

ቤት ተቀያይሮ ከልጆች ጋር ስለመጓዝ የሚጻፈው ሁሉ ያው ነው። ቆንጆ ፎቶ አንሱ፣ ቁም ሳጥን አጽዱ፣ ቁልፉን ጎረቤት ጋ አስቀምጡ። እኔ የምጽፈው ማንም ቀድሞ ያልነገረኝን ነው። ቪዛ የሚጠይቅ ፓስፖርት ይዛችሁ ይህን ልትሞክሩ ካሰባችሁ ፎቶው ይቆይ። መጀመሪያ ወረቀቱን አስቡ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ኢንተርቫክ የሚባለውን የቤት መቀያየሪያ መረብ እ.ኤ.አ. በ1953 የጀመሩት የአውሮፓ መምህራን ናቸው። ረጅም እረፍት ያለው፣ ኪሱ ግን ሆቴል የማይደፍር ሰው ምን እንደሚያስብ መገመት አያቅትም። ያኔ የቤቶቹ ዝርዝር በካታሎግ ታትሞ ነበር የሚሰራጨው። ሆምኤክስቼንጅ የተባለው ሌላው የቤት መቀያየሪያ በ1992 መጣ፤ ቀስ በቀስ ሁሉም ወደ ኢንተርኔት ገባ። አሁን ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በአንድ ጊዜ መቀያየር ነው፤ እነሱ እናንተ ቤት፣ እናንተ እነሱ ቤት። ሌላው በተለያየ ጊዜ ነው፤ ዛሬ እናንተ ታስተናግዳላችሁ፣ ሌላ ጊዜ ተራው የእናንተ ይሆናል። ይህን ልዩነት ያዙት፤ ኋላ ያስፈልጋችኋል።

እኛ አንድ ቤተሰብ አገኘን። ልጆቻቸው ከልጆቻችን እኩያ ናቸው። በቪዲዮ ተያየን፣ ቤታቸውን አዞሩን፣ ቤታችንን አዞርናቸው፣ ተስማማን። ስምምነቱን ጽፈን ተፈራረምን። ቤታችን ኢንሹራንስ ስላለው ለድርጅቱ አሳወቅንና መልሱን በጽሑፍ ተቀበልን። ተከራይ ከሆናችሁ አከራያችሁን አስፈቅዱ፣ እሱንም በጽሑፍ። በቃል "ችግር የለም" ያለ ሰው ነገር ሲመጣ ማለቱን አያስታውስም። ይሄ ሁሉ የጥቂት ምሽት ሥራ ነው።

ሰዎቹ ወደ እኛ ለመምጣት ብዙም አላሰቡም። ትኬት ቆረጡ፣ አለቀ። እኛ ግን የሸንገን ቪዛ፣ ማለትም ብዙዎቹን የአውሮፓ አገሮች በአንዴ የሚያስገባው ቪዛ፣ ያስፈልገናል።

ደንቡን ቁጭ ብዬ አንብቤዋለሁ። የአውሮፓ ኅብረት የቪዛ ደንብ ቁጥር 810/2009 ይባላል። ስለ ማረፊያ የሚጠይቀው ግልጽ ነው። ሰው ቤት ካረፋችሁ የአስተናጋጁ ግብዣ፣ ካልሆነም ከማረፊያው የተሰጠ ወረቀት ወይም የታሰበውን ማረፊያ የሚያሳይ ሌላ ተገቢ ሰነድ። "ሌላ ተገቢ ሰነድ" የምትለዋን ሳነብ ደስ አለኝ። የተፈራረምነው ስምምነት ይሄው አይደል?

ማመልከቻ የሚቀበለው ማዕከል ግን ደንቡን አያውቅም። የሚያውቀው የራሱን ቼክሊስት ነው። ቼክሊስቱ ላይ ስለ ማረፊያ ሁለት ሳጥን አለ፦ ሆቴል፣ ግብዣ።

"የሆቴል ቡኪንጉስ?" አለች መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ።

"ሆቴል አናርፍም። ቤት ተቀያይረን ነው። ስምምነቱ ይኸው።"

ገለጥ ገለጥ አደረገችው። "ጋባዦቻችሁ እነዚህ ናቸው?"

"አዎ። ግን ያኔ እነሱ እኛ ቤት ናቸው።"

"ታዲያ ማነው የሚቀበላችሁ?"

"ማንም። ቁልፉ ጎረቤት ጋ ነው።"

"በስንት ተከራያችሁት?"

"አንከፍልም።"

ቀና ብላ አየችን። "ሰው ቤቱን እንዲሁ በነፃ ይሰጣል?"

በነፃ አይደለም፣ እኛም ቤታችንን ሰጥተናል ብዬ ላስረዳ ስል ወደ ቀጣዩ ገጽ አልፋለች። ከማረፊያ አንጻር "ያልተሟላ" ብላ ጻፈች። ስምምነቱንና የቤታቸውን የባለቤትነት ማስረጃ መልሳ በመስኮቱ ቀዳዳ ገፋችልኝ። "ይሄ አያስፈልግም" አለች። ፋይሉ ያለዚያ ወረቀት ሄደ። ወረቀቱን መልሳ ያልተሟላ ያለችው እሷው ናት። ይሄ እስከ ዛሬ ያበግነኛል።

ውሳኔ በ15 ቀን ውስጥ ይሰጣል፤ አንዳንዴ እስከ 45 ሊራዘም ይችላል። የእኛ ቶሎ ነው የመጣው፣ እምቢታ ስለሆነ ይመስለኛል። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ቅጽ። ምልክት የተደረገበት ምክንያት የሁላችንም አንድ ነው፦ የጉዞውን ዓላማና የቆይታውን ሁኔታ የሚያስረዳ ማስረጃ አልቀረበም። ትንሿ ልጄ ሳትቀር የጉዞዋን ዓላማ አላስረዳችም ተብላለች። ገና ጫማዋን በትክክለኛው እግር ማድረግ አልለመደችም።

የሰዎቹ ትኬት ደግሞ ገንዘቡ የማይመለስ ነው። ደውለን ነገርናቸው። በጣም ነው ያፈርነው፣ ምንም እንኳ ጥፋቱ የእኛ ባይሆንም። "ለማንኛውም ኑ" አልናቸው። እነሱ በእኛ አልጋ ተኙ፣ እኛ ልጆቹን ይዘን እህቴ ሳሎን ፍራሽ አነጠፍን። እህቴ ለሳቋ ጉልበት አጣች። "ቪዛ የተከለከላችሁት ገና ከቤት ሳትወጡ ነው ወይስ ከገዛ ቤታችሁ ነው?" ትለን ነበር።

በዚያ ሰሞን ያላማከረን ሰው የለም። ምክሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፦ የሆቴል ቡኪንግ አሠሩ፣ ቪዛው ሲወጣ ሰርዙት። ጉዳይ አስፈጻሚውም ይህንኑ አለን፣ ያውም አስከፍሎ። እኔ አልስማማም። ቪዛ በማጭበርበር እንደተገኘ ከታወቀ እንደሚሰረዝ ደንቡ ላይ ተጽፏል። ደግሞም አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርሱ የት እንደምታርፉ ትጠየቃላችሁ። እናንተ የሆቴሉን ስም ስትጠሩ ልጃችሁ ከጎን ሆኖ ስለዚያ ቤት ጓሮና ስለ ድመቷ ይተርካል። ልጅ ይዞ ውሸት አያዋጣም።

ሰዎቹ አገራቸው ሲመለሱ እልህ ይዟቸው ነበር። ብዙዎቹ የሸንገን አገሮች እንግዳ የሚያስተናግድ ሰው የሚያወጣው የራሳቸው ቅጽ አላቸው። ፈረንሳይ ውስጥ ለምሳሌ አስተናጋጁ ከማዘጋጃ ቤት ያስወጣዋል። ጀርመን ውስጥ ደግሞ የእንግዳውን ወጪ ለመሸፈን ግዴታ የሚገባበት ቅጽ አለ። እኛ የምንሄድበትም የራሱ ነበረው። ሰውየው ቀጠሮ ይዞ ሄደ። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ፣ "እንግዶቹ ሲመጡ ቤት ትኖራላችሁ?" አለው። ሰውየው እውነቱን ተናገረ፣ አንኖርም አለ። "እንግዲያው አስተናጋጅ አይደላችሁም" ተብሎ ቅጹን ሳያስሞላ ተመለሰ። ሆቴል ስላልሆነ እኛ ጋ አይሆንም፣ ሰው ስለሌለበት እነሱ ጋ አይሆንም። የቤቱ መኖር ለማንም ቁም ነገር አልነበረም።

መላውን ያገኘችው ሚስትየው ናት። አሁን እኛ አስተናግደናቸዋል፤ ተራው የእነሱ ነው። በአንድ ጊዜ መቀያየሩ ቀርቷል። ስለዚህ ስንደርስ እነሱም ቤት ይሁኑ፣ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች አብረን እንደር፣ ከዚያ እነሱ ወደ አያቶቹ ቤት ይሂዱ አለች። በዚህ ሁኔታ አስተናጋጅ ናቸው፣ ያውም ያለ ውሸት። በደብዳቤውም ላይ መቼ አብረን እንደምናድር፣ መቼ ወደ አያቶቹ እንደሚሄዱ ሳይደብቁ ጻፉት። ያው ጽሕፈት ቤት ቅጹን ሰጣቸው።

ይግባኝ ማለት እንችል ነበር፤ መብት ነው። እኔ ግን አልመከርም፣ ቢያንስ የትምህርት ቤት እረፍት ለሚጠብቅ ቤተሰብ። ይግባኙ ሲታይ ክረምቱ ያልፋል። ቀድሞ መከልከል ብቻውን ለሁለተኛ ክልከላ ምክንያት እንደማይሆን ደንቡ ይላል። እንደገና አመለከትን።

ፋይሉን በዚህ ቅደም ተከተል ሠራሁት። ከሁሉ በላይ አንዲት ገጽ ደብዳቤ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር "በወዳጆቻችን ግብዣ እነሱ ቤት እናርፋለን" ነው የሚለው። መቀያየር የሚለው ነገር የመጣው ዝቅ ብሎ ነው፣ ሳይደበቅ፣ ግን ሳይጮህም። ቀጥሎ የግብዣው ቅጽ፣ የቤቱ ማስረጃ፣ ስምምነቱ። መጨረሻ ላይ እነሱ እኛ ጋ መጥተው እንደነበር የሚያሳየው ትኬትና ልጆቹ አንድ ላይ በራችን ላይ የተነሱት ፎቶ። መስኮቱ ጋ ያለው ልጅ (ሌላ ሰው ነው) ፎቶውን አይቶ "ይሄ አይጠየቅም" አለኝ። "በራሴ ኃላፊነት ይግባ" አልኩት። አስፈረመኝና አስገባው። ቪዛው ወጣ።

ማዕከሎቹ "ከዝርዝሩ ውጭ ምንም አታስገቡ" ይላሉ። አትስሟቸው። የምታስረዱት ነገር ዝርዝሩ ላይ ከሌለ፣ ከዝርዝሩ ውጭ ካላስገባችሁ በምን ልታስረዱ ነው? ሌላም አለ። ቤት የሚያቀያይሩት ሰዎች ከዓመት በፊት ተስማሙ፣ ትኬት ቶሎ ቁረጡ ይላሉ። ለሸንገን ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ነው፤ ቢዘገይ ደግሞ እስከ 15 ቀን ድረስ። ስለዚህ ቪዛችሁ ሳይወጣ ሌላው ቤተሰብ የማይመለስ ትኬት እንዳይቆርጥ ለምኑት። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከጅምሩ በተለያየ ጊዜ መቀያየሩ ነው። እናንተ አስቀድማችሁ አስተናግዱ። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን፤ እሱ ምንም አያስቸግርም።

ወደ ምግቡ ልምጣ፣ ለምግቡ ስል ሌላ ጊዜም እቀያየራለሁና።

ቤት የሚለዋወጡ ሰዎች ስለ አካባቢው የሚበላ ነገር ጽፈው ይተዋሉ። አብዛኛው ግን ለእንግዳ የተጻፈ ነው። ስመ ጥሩ ቦታ፣ መስኮቱ ውብ ነገር የሚያሳይ፣ ልጅ ቁጭ ብሎ የማይጨርሰው ምግብ ያለበት። "ጥሩ ምግብ ቤት የት ነው?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ የምታገኙት መልስ ይሄ ነው። ሌላ ጠይቁ። ባለፈው ሳምንት ማብሰል ሲሰለቻችሁ የት በላችሁ? ልጅ ሲያለቅስ ፊታቸውን የማያጠቁሩት የት ነው? እዚያ ሄዳችሁ ምኑን አታዙም?

እኛን ያዳነን የእነሱ ትልቁ ልጅ ለልጆቼ የጻፈው ዝርዝር ነው። ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ነው፣ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። ከእያንዳንዱ ቦታ አጠገብ ፊት ሥሏል፤ የሚስቅ፣ የሚያኮርፍ፣ ምላሱን ያወጣ። ቋንቋውን ባናውቅም ፊቱን ማንበብ ይቻላል፤ የጎደለውን እናቱ ነገረችን። ዳቦ ቤቷ ጋ "ሴትየዋ ትቆጣለች፣ ግን ስጡኝ በሏት" ይላል። ሌላው ጋ "ትልቁን አትዘዙ፣ ትንሹም ያው ነው" ይላል። ወላጆቹ ያሞገሱት ወንዝ ዳር ያለው ቦታ ፊት አልተሣለለትም። ለምን ብዬ ስጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ፤ "እንግዳ ሲመጣ ነው የምንሄደው።" እኛም አልሄድንም።

ወንዱ ልጄ ኦቾሎኒ አይስማማውም፤ ቀላል አለርጂ አይደለም። እዚህ ላይ የአውሮፓን ሕግ አመሰግናለሁ። ከታኅሣሥ 2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ምግብ ቤቶች ሳይቀሩ 14 ዓይነት አለርጂ አምጪ ነገሮች ምግባቸው ውስጥ መኖራቸውን መናገር አለባቸው፤ ኦቾሎኒም ሰሊጥም አሉበት። በየአገሩ ግን አንድ አይደለም። አሜሪካ ሰሊጥን በራሷ ዝርዝር ላይ ዘጠነኛ አለርጂ አምጪ አድርጋ የጨመረችው ከ2023 ጀምሮ ነው። ስለዚህ የምታውቁትን የአገራችሁን መለያ አትመኑ፣ የምትሄዱበትን እዩ። ሚስትየዋ በቋንቋቸው በእጇ አንዲት ካርድ ጻፈችልን፦ ልጁ ምን እንደማይበላ፣ ቢበላ ምን እንደሚሆን። ካርዷን ለአስተናጋጁ ብቻ አታሳዩ፣ ኩሽና ድረስ ትግባ በሉ። የሚስቅ ፊት የተሣለለት አንዱ ቤት ከኩሽና አንገቱን ነቅንቆ ወጣ፤ እዚያ መብላት ቀረ፣ ጉዳዩ አለቀ።

የሰው ኩሽና ደግሞ ከምግብ ቤት ይብሳል። ዘይቱ፣ መክተፊያው፣ የእቃ ማጠቢያ ስፖንጁ ምን እንደነካ አታውቁም። ከመድረሳችን በፊት የኦቾሎኒ ቅቤያቸውን በከረጢት አስረው ላይኛው መደርደሪያ እንዲሰቅሉት ጠየቅናቸው፤ እኛ አዲስ ስፖንጅ ገዛን። ለመጠየቅ አትፈሩ። የተከፈተውን ቅመም መጠቀም ይቻላል፣ የጨረሳችሁትን ግን ተኩ። ስትወጡ ለሚመለሱት ሰዎች ለአንድ ምሳ የሚሆን ነገር ፍሪጅ ውስጥ ተዉ፣ የበሰለ ትርፍ ሳይሆን ያልተከፈተ።

ልጆቼ ከመውጣታችን በፊት የልጁን ዝርዝር በእርሳስ አርመውታል። ምላሱን ያወጣውን ፊት ሰርዘው ዳቦ ቤቷን አንደኛ አደረጓት፣ እሱ አንደኛ ያለውን ደግሞ አኮርፈውበታል። ልጁ ሲመለስ አይቶ ደወለ። እስካሁን በቪዲዮ እየተደዋወሉ ይጨቃጨቃሉ፤ የሚግባቡበት ቋንቋ ሳይኖራቸው፣ ፊት እየሣሉ ካሜራው ላይ በማስጠጋት።