9.8204 ብዬ የጻፍኩ ጊዜ

ተማሪ ሳለሁ የመሬትን ስበት ፍጥንጥነት በፔንዱለም (በክር ተንጠልጥላ በምትወዛወዝ ኳስ) ለክቼ ደብተሬ ላይ 9.8204 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ብዬ በኩራት ጻፍኩ። መምህሬ አይተው «ከነዚህ አሃዞች ስንቱን ታምናለህ?» ሲሉኝ መልስ አጣሁ፤ ካልኩሌተሩ ያወጣውን ሁሉ እኔ የለካሁት መስሎኝ ነበርና።

የለካሁት ግን ሁለት ነገር ብቻ ነበር። ከክሩ ጫፍ እስከ ኳሷ መሐል ያለው ርዝመት 1.000 ሜትር ሲሆን የኳሷን መሐል በዓይን መለየት ስለሚያስቸግር 2 ሚሊሜትር ያህል ልሳሳት እችላለሁ፤ ይህ 0.2 በመቶ ነው። 20 ውዝዋዜ የፈጀው ጊዜ 40.1 ሰከንድ ሲሆን የስቶፕዎች ሰዓቱን ሳስነሳና ሳቆም ጣቴ የሚዛነፈውን 0.2 ሰከንድ ብንለው 0.5 በመቶ ይሆናል። ፍጥንጥነቱ የሚገኘው ግን የርዝመቱንና የ4 ፓይ ስኩዌርን ብዜት ለአንድ ውዝዋዜ ጊዜ ስኩዌር በማካፈል ስለሆነ፣ የጊዜው ስህተት እጥፍ ሆኖ 1 በመቶ ይገባል። (አንድ ውዝዋዜ ብቻ ለክቼ ቢሆን ኖሮ ያው 0.2 ሰከንድ ውጤቱን በ20 በመቶ ያናጋው ነበር።)

ሁለቱ ስህተቶች እርስ በርስ ስለማይተዋወቁ አንዳንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዳንዴም ይካካሳሉ፤ ስለዚህ እንዲሁ አይደመሩም፣ ስኩዌሮቻቸው ተደምረው የድምሩ ስኩዌር ሩት ይወሰዳል። 0.04 እና 1 ሲደመሩ 1.04፣ ስኩዌር ሩቱ 1.02 በመቶ ገደማ። የርዝመቱ ስህተት የለም ማለት ይቻላል፤ ክሩን በተሻለ መሣሪያ ለመለካት ግማሽ ቀን ባጠፋ ትርፉ ድካም ነበር። መጻፍ የነበረብኝ 9.8 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.1 ነው።

ከማባዛት ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ መቀነስ ነው። አየር ያለበት ጠርሙስ 250.4 ግራም፣ አየሩ ከወጣለት በኋላ 250.1 ግራም መዘነ እንበል፤ እያንዳንዱ ንባብ በ0.1 ግራም ቢሳሳት ከ0.05 በመቶ በታች ነው። ሆኖም በመቀነስ ጊዜ የሚዋሃዱት መቶኛዎቹ ሳይሆኑ ግራሞቹ ናቸውና፣ የአየሩ ክብደት 0.3 ግራም ሆኖ ስህተቱ 0.14 ግራም፣ የውጤቱ ግማሽ ሊሞላ ምንም ያህል የማይቀረው ይሆናል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ስህተቱ ወዲህም ወዲያም የሚዋልል ሲሆን ነው። ጫፉ የተበላ ማስመሪያ ሁልጊዜ 2 ሚሊሜትር አብዝቶ ስለሚያነብ መቶ ጊዜ ለክቶ አማካይ መውሰድ አይፈይድም። እዚህ ላይ መቀነስ ራሱ መድኃኒት ይሆናል፤ ፔንዱለሙን በተለያየ ርዝመት እየለኩ የጊዜውን ስኩዌር ከርዝመቱ ጋር በግራፍ ቢያስቀምጡት፣ ፍጥንጥነቱ የሚወጣው ከመስመሩ ተዳፋት፣ ማለትም ከልኬቶቹ ልዩነት በመሆኑ ያ 2 ሚሊሜትር መስመሩን ወደ ጎን ከመግፋት በቀር የሚያመጣው ነገር የለም።