ጤናና ማኅበራዊ እንክብካቤን እንዴት አጠናሁት

እንግሊዝ አገር 10ኛና 11ኛ ዓመት ላይ ከሚመረጡት ትምህርቶች አንዱ ፒየርሰን የተባለው የፈተና ድርጅት የሚሰጠው የሙያ ነክ ትምህርት፣ ቢቴክ ቴክ አዋርድ በጤናና ማኅበራዊ እንክብካቤ ነው። ወላጅ የነርስነት መጀመሪያ ነው ብሎ ይወስደዋል፤ ተማሪው የሰውነት ክፍሎችን ሊሸመድድ ተዘጋጅቶ ይገባል። ፈተናው የሚፈልገው ግን ሌላ ነው። አንድ ሰው ወረቀት ላይ ተገልጾ ይቀርባል፤ የተማሩት ሁሉ ከዚያ ሰው ኑሮ ጋር መያያዝ አለበት። እኔም አጠናኔን ያደራጀሁት በዚህ መሠረት ነው።

ትምህርቱ ሦስት ክፍል አለው። ስለ ሰው ልጅ ዕድገትና ስለ አገልግሎቶችና እሴቶች የሚናገሩት ሁለቱ እያንዳንዳቸው 30 በመቶ ይይዛሉ። ለሁለቱም ፒየርሰን ያወጣው ጥያቄ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በመምህር ቁጥጥር ሥር ይሠራል። ሦስተኛው 40 በመቶ የሚይዝ፣ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ፣ ከ60 የሚታረም የጽሑፍ ፈተና ነው።

ለመጀመሪያው ክፍል አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ሰንጠረዥ ሠራሁ። ወደ ታች ስድስቱ የዕድሜ እርከኖች፦ ከልደት እስከ 2፣ ከ3 እስከ 8፣ ከ9 እስከ 18፣ ከ19 እስከ 45፣ ከ46 እስከ 65፣ ከዚያ በላይ። ወደ ጎን አካል፣ አእምሮ፣ ስሜት፣ ማኅበራዊ ኑሮ። በየሳጥኑ አንድ ተጨባጭ ነገር ብቻ፦ ዳዴ ማለት፣ ማረጥ፣ ጡረታ ሲወጡ የሥራ ባልደረባ መራቅ። አንድ ጥያቄ ብዙ ሰው ይጥላል፦ ቁመትና ክብደት መጨመር አንድ ነገር ነው፣ አዲስ ችሎታ ማግኘት ሌላ። ሕፃን አራት ኪሎ ጨመረ ማለትና መራመድ ጀመረ ማለት ለየቅል ናቸው፤ ካቀላቀሏቸው ነጥብ ይሄዳል።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ከሁሉ የሚያደናግረው የጤና አገልግሎትና የማኅበራዊ እንክብካቤ ልዩነት ነው። ኤንኤችኤስ (የብሪታንያ የሕዝብ ጤና አገልግሎት) ሐምሌ 5 ቀን 1948 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተቋቋመ ሲሆን ሐኪም ዘንድ መታየት በነጻ ነው። አቅመ ደካማን የማጠብ፣ የማልበስ፣ የመመገብ ድጋፍ ግን በአካባቢው ምክር ቤት በኩል የሚመጣ ነው፤ የሰውየው ገቢና ንብረት ታይቶ ሊያስከፍል ይችላል። አያትን ቤት ውስጥ ማስታመም እኛ ቤት «አገልግሎት» አይባልም፤ ወግ ነው። በዚህ ትምህርት ግን ያለ ክፍያ የሚሰጥ እንክብካቤ ተብሎ የሚቆጠር ነውና መልስ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል።

የቋንቋ እንቅፋትም እዚሁ ይመጣል። እንግሊዝኛ የማይችሉ እናት ጂፒ (የሰፈር ሐኪም) ዘንድ ሲሄዱ ልጃቸው ያስተርጉምላቸው የሚለው መልስ ደካማ ነው፤ ምሥጢር አይጠበቅም፣ የመድኃኒት ስምና መጠን ይሳሳታል፣ እናትየውም በልጃቸው ፊት የማይናገሩት ይኖራል። ትክክለኛው መልስ ኤንኤችኤስ በነጻ የሚያቀርበው ባለሙያ አስተርጓሚ ነው።

አብዛኛውን ጊዜዬን የሰጠሁት ለፈተናው ነው። ለልምምድ ራሴ ሰው እፈጥር ነበር፦ 52 ዓመቱ፣ የሌሊት አውቶቡስ ሹፌር፣ 90 ኪሎ፣ 1.70 ሜትር፣ የደም ግፊቱ 150/95፣ በቀን 10 ሲጋራ፣ ብቻውን የሚኖር። ቢኤምአይ (ክብደት ለቁመት ተመጣጣኝ መሆኑን የሚያሳይ ቁጥር) ሲሰላ ክብደቱ ለቁመቱ ካሬ ይካፈላል፦ 1.70 በ1.70 ሲባዛ 2.89፣ 90 ለ2.89 ሲካፈል 31.1። ቁመቱን በሴንቲሜትር ማስገባትና ካሬ ማድረግን መርሳት የተለመዱ ስሕተቶች ናቸው። ከ18.5 እስከ 24.9 ጤናማ፣ ከ30 ጀምሮ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነው። (ለጥቁር አፍሪካውያን የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ዝቅ ብሎ ከ23 ጀምሮ ያስጠነቅቃል፤ ፈተና ላይ ግን ወረቀቱ የሰጠውን ሰንጠረዥ ተከተሉ።) የእረፍት የልብ ምት ለአዋቂ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ነው። ሲለማመዱ በሌባ ጣትና በመሃል ጣት ይዳሰሳል እንጂ በአውራ ጣት አይሆንም፤ አውራ ጣት የራሱ ትርታ አለው። 30 ሰከንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ይበቃል። ቡና ከጠጡ ጥቂት ቆይቶ ቢለኩት ይሻላል።

አሁን መልሱ። «ማጨስ ለጤና ጎጂ ነው» ብዙም ነጥብ አያስገኝም። እኔ የምጽፈው ሰንሰለት ነው፦ ኒኮቲን የደም ሥሮችን ያጠባል፤ ግፊቱ ቀድሞም ከፍ ብሎ 150/95 ስለሆነ ለስትሮክ የበለጠ ይጋለጣል፤ ስትሮክ ቢይዘው መንዳት ይከለከላል፤ መንዳት ሥራው ስለሆነ ገቢው ይቀራል፤ ብቻውን ስለሚኖር የሚያጽናናው የለም። እያንዳንዱ «ስለዚህ» ከወረቀቱ አንድ ቃል መያዝ አለበት። አካል ላይ ብቻ የሚያቆም መልስ ግማሽ መልስ ነው።

የማሻሻያ ዕቅዱም ለእሱ እንዲስማማ ይሁን። ቀን ተኝቶ ሌሊት የሚሠራን ሰው ጠዋት ጂም ሂድ ማለት ታሪኩን አላነበብኩም እንደ ማለት ነው። በዕረፍቱ ሰዓት 10 ደቂቃ መራመድ ጀምሮ ቀስ በቀስ በሳምንት 150 ደቂቃ ማድረስ፣ ሲጋራውን በኤንኤችኤስ የማቆሚያ አገልግሎት ድጋፍ መተው። ከዚያ እንቅፋቱ ይጻፋል፦ ድካም፣ ገንዘብ፣ የሚያበረታታው ሰው አለመኖር፤ ለየእንቅፋቱም መፍትሔ።

120 ደቂቃ ለ60 ነጥብ፣ በነጥብ ሁለት ደቂቃ ነው። የሰውየውን ታሪክ ማንበቢያ ከዚያው ላይ ስለሚነሳ ለስድስት ነጥብ ጥያቄ ከ10 ደቂቃ በላይ አልሰጥም፤ «አብራራ» ሲል ምክንያት፣ «ግለጽ» ሲል ዝርዝር ሁኔታ ብቻ ጽፌ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ።