የግራር ዘር ውኃ እንዲገባው ማድረግ

በየዕለቱ ውኃ በሚጠጣ መደብ ላይ የተዘራ የግራር ዘር ሳምንታት አልፈውት ሳይበቅል ሲቀር፣ አብዛኛው ሰው ዘሩ ሞቷል ወይም ነቅዟል ብሎ መደቡን ይገለብጠዋል። ብዙ ጊዜ ግን ዘሩ ሕያው ነው፤ ያጣው ውኃ ነው። የባቄላና የአተር ወገን በሆኑ ብዙ ዛፎች ዘር ላይ፣ የቅርፊቱ ውጫዊ ክፍል እንደ አጥር እንጨት ጎን ለጎን ቀጥ ብለው በቆሙ፣ እጅግ በተጠጋጉ ሕዋሳት የተሠራ ስለሆነ ውኃ አያሳልፍም። ለዛፉ ይህ ጥቅም አለው፤ አንድ ጊዜ ዘንቦ በሚቀር ዝናብ ዘሩ ሁሉ በቅሎ አያልቅም፣ የቀረው በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ችግኝ ለሚያፈላ ሰው ግን መከራ ነው፤ ከአንድ መደብ ጥቂቱ በየካቲት፣ ጥቂቱ በግንቦት ከበቀለ፣ ሐምሌ ላይ ለተከላ የሚደርሰው እኩሌታው ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ምንም ዓይነት ሕክምና ከመጀመሬ በፊት ከዘሩ ጥቂት ቆንጥሬ በቀዝቃዛ ውኃ አሳድራለሁ። በማግስቱ አብዛኛው ካበጠ ሌላ ነገር አያስፈልገውም፤ እንዳለ ከቀረ ቅርፊቱ ዝግ ነው ማለት ነው። ይህ ቀላል ፈተና ብዙ ዘር ያድናል፤ ምክንያቱም ቅርፊቱ ቀድሞ የተከፈተ ዘር የፈላ ውኃ ሲያገኘው ይቀቀላል እንጂ አይነቃም። ሙጫ የሚሰጠው የቆላ ግራር ዘር ቅርፊቱ ስስ ስለሆነ ብዙ ጊዜ በቀዝቃዛ ውኃ ማሳደር ይበቃዋል፤ እሱን ከሌላው ግራር ጋር አደባልቆ በአንድ ማሰሮ የፈላ ውኃ ማከም ከሁሉ የከፋው አሠራር ይመስለኛል።

በየችግኝ ጣቢያው የተለመደው ዘዴ የፈላ ውኃ ነው፤ ርካሽ ነው፣ በአግባቡ ከተሠራም ጥሩ ነው። ውኃው ከፈላ በኋላ ከእሳት ይወርዳል፣ ዘሩ ላይ ይፈስሳል፣ ከዚያም እስኪቀዘቅዝ ተትቶ ዘሩ እዚያው ያድራል። ዘሩን እሳት ላይ እንዳለ ማፍላት አይገባም። የውኃው መጠን ከዘሩ ከአምስት እስከ አሥር እጥፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ዘሩ በዝቶ ውኃው ካነሰ ሙቀቱ ወዲያው ስለሚወርድ ቅርፊቱ ሳይከፈት ይቀራል። በመመሪያዎች ላይ ሲጻፍ የማላየው አንድ ነገር አለ፤ አዲስ አበባን በመሰለ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ቦታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፣ ቆላ ውስጥ ግን ወደ 98 ይጠጋል። ቆላ ላይ የተሳካ አሠራር ደጋ ላይ ሲደክም ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ሊሆን ይችላል። ለሉኪና፣ ለከብት መኖ ለሚተከለው ከውጭ የገባ ዛፍ፣ ደግሞ 80 ዲግሪ በደረሰ ውኃ ውስጥ ለሦስት ወይም ለአራት ደቂቃ መቆየት ይበቃል።

ዘሩ ጥቂት ከሆነ እኔ የምመርጠው ቅርፊቱን በጥፍር መቁረጫ ጫር ማድረግን ወይም በሞረድ መፋቅን ነው። የሚነካው ዘሩ ከፍሬው ጋር ተያይዞ ከነበረበት እምብርት ራቅ ያለው ጎን ነው፤ ጽንሱ ሥሩን የሚያወጣው በእምብርቱ በኩል ነውና። ከቅርፊቱ በታች ያለው ነጣ ያለ ክፍል ብቅ ሲል ማቆም ነው። አድካሚ ሥራ ቢሆንም፣ እያንዳንዱን ዘር አንድ በአንድ ስለሚያሳየን ነቀዝ የበሳውን ለመለየትም ይረዳል።

ያልተበረዘ የሰልፈር አሲድ በቤተ ሙከራ ጥሩ ውጤት ይሰጣል። የደን ተመራማሪው ፕሮፌሰር ደመል ተከታይ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ የባቄላና የአተር ወገን የሆኑ 12 አገር በቀልና 8 ከውጭ የገቡ ዝርያዎችን አበቃቀል መርምረዋል፤ በእንዲህ ያሉ ጥናቶች አሲድ፣ የፈላ ውኃና ቅርፊትን መጫር ጎን ለጎን ይፈተናሉ። በጓሮ ለሚሠራ ሰው ግን አሲድን አልመክርም። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው በውኃ የቀጠነ ስለሆነ እንደ ያልተበረዘው አይሠራም፤ ያልተበረዘው ደግሞ ሥጋ ያቃጥላል፣ በላዩ ላይ ውኃ ሲፈስስበትም ይረጫል።

ከብቶችና ፍየሎችም በራሳቸው መንገድ ይህን ሥራ ይሠራሉ። በስምጥ ሸለቆ በበጋ ወራት የግራርን ፍሬ ከዛፉ ሥር ለቅመው ሲበሉ፣ ሳይኘክ ያለፈው ዘር ከፊሉ ቅርፊቱ ለስልሶ በበረት ይገኛል። ከፊሉ ግን ያው እንደ ተዘጋ ስለሚወጣ፣ ከበረት የተለቀመ ዘርም ቢሆን በቀዝቃዛ ውኃ መፈተን አለበት።

ወይራና ዝግባ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ሲነኩ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ስለሆኑ ሰው በግራር ሥርዓት በፈላ ውኃ ሊያክማቸው ይሞክራል፤ በእነሱ ላይ ግን ዋናው እንቅፋት የዘሩ የራሱ ቅርፊት ሳይሆን ዘሩን የከበበው እንጨት መሰል ሽፋን ነው። ያን በጥንቃቄ ሰንጥቆ ማውለቅ አበቃቀላቸውን ያፋጥነዋል፤ ውስጡ እንዳይጎዳ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

የታከመ ዘር ተመልሶ አይቀመጥም። ያበጠው ተለይቶ በዚያው ቀን፣ ከራሱ ውፍረት እምብዛም ባልበለጠ ጥልቀት ይዘራል፤ ያላበጠው ለብቻው ተነጥሎ ቅርፊቱ እየተጫረ እንደገና ውኃ ውስጥ ያድራል።