ውስጤ ያለችው ጠበቃ

ሐዋሳ ውስጥ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ብቻውን ቁጭ ካለ ወይ ታሟል ወይ ከፍቅረኛው ተጣልቷል። ሌላ ምክንያት የለም። ፍቅር ሐይቅ ጋ ጠዋት ጠዋት መቀመጥ የጀመርኩ ሰሞን የማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ «እህቴ፣ ደህና ነሽ?» እያሉ ዓይኔን ያስገልጡኝ ነበር። ደህና ነኝ። እንዲያውም በጣም ደህና ነኝ፤ ዛሬ የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

የማደርገው ሜዲቴሽን የሚሉትን ነው፣ ለወሬ እንኳን አይበቃም። እቀመጣለሁ። አየር ሲገባ የአፍንጫዬ ጫፍ ቀዝቀዝ ይላል፣ ሲወጣ ሞቅ ይላል። እሱን መከታተል ነው፣ በቃ። ሐሳብ ይዞኝ ሲሄድ መሄዴን ካወቅኩ እመለሳለሁ። ቡድሂስቶች ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሲያደርጉት ኖረዋል። በ1979 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጆን ካባት ዚን የሚባል አሜሪካዊ ሃይማኖታዊውን ነገር ወደ ጎን ትቶ ማሳቹሴትስ ውስጥ ለሕመምተኞች የሚሰጥ ሥልጠና አደረገው። እኛም ጋ ጽሞና የሚባል ነገር ከጥንት ጀምሮ አለ፣ ገዳማውያኑ ያውቁታል። እኔ የጀመርኩት ግን ስልኬ ላይ ባለ አፕ ነው፣ አልዋሽም።

መጀመሪያ ላይ ሰላም ስጠብቅ የመጣልኝ ክርክር ነበር። ነገሩ የቢሮ ነው። አምሽቼ የሠራሁትን ሪፖርት አንድ ባልደረባዬ ስብሰባ ላይ እንደ ራሱ ሥራ አቀረበው፣ አለቃችንም «ጎበዝ!» አለው። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ! የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ዓይኔን ስጨፍን ያ ስብሰባ እንደ አዲስ ይጀመራል፤ በዚህኛው ግን ብድግ እላለሁ፣ እናገራለሁ፣ አንደበቴ ይፈታል፣ እሱ ያቀረቅራል፣ አለቃዬም ሰው ፊት ይቅርታ ይጠይቀኛል። ውስጤ አንዲት ደሞዝ የማይከፈላት ጠበቃ አለች። ቀን ከሌት ችሎት ላይ ናት። ባጃጅ ውስጥ ስሆን፣ ገላዬን ስታጠብ፣ ሽንኩርት ስከትፍ ለእኔ ትሟገታለች፣ ተሸንፋም አታውቅም። ግን መዝገቡ አይዘጋም፣ በማግስቱ ከአንድ ይጀመራል።

በ2010 እ.ኤ.አ. ኪሊንግስዎርዝና ጊልበርት የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች 2,250 ሰዎችን በስልካቸው እየጠየቁ ያደረጉት ጥናት አለ፤ አሁን ምን እየሠራችሁ ነው፣ ምንስ እያሰባችሁ ነው፣ ምን ያህልስ ደስ ብሏችኋል? 46.9 በመቶ በሚሆነው ጊዜ የሰዎቹ ሐሳብ ከሚሠሩት ነገር ውጭ ነበር፣ ያኔ ደግሞ ደስታቸው ቀነስ ብሎ ተገኘ። እኔን የገረመኝ የቁጥሩ ማነስ ነው። ወይ እነዚያ ሰዎች ቢሮ አይገቡም!

ደስታ የመጣችልኝ ግን ስቀመጥ አይደለም። አሞራ ገደል ዓሣ ልገዛ ሄጄ ነው። ልጁ ቆሮሶውን ጭራው ጋ ይዞ ቢላውን በአጥንቱ ጎን ሸርተት ያደርገዋል፣ ይገለብጠዋል፣ በሌላው ጎን ይደግማል፣ አጥንቱን ሳያይ ወደ ኋላው ይወረውረዋል። መላጣዎቹ ትልልቅ አሞሮች ይሻሙበታል። እኔ ቆሜ ስጠብቅ አንድ ሰውዬ መጣና ተራዬን ወሰደ። ዝም ብሎ፣ እንዳልነበርኩ። ጉሮሮዬ ጋለ። ጠበቃዋ ፋይሏን ስትገልጥ ሰማኋት። ግን ምን እንደሆነ እንጃ፣ ጠዋት ጠዋት ትንፋሼን እንደማየው ያን ግለት አየሁት፤ እዚህ ጋ ነው፣ ይሞቃል፣ ወደ ደረቴ ወረደ፣ ላላ፣ ሄደ። ከዚያ የልጁን እጅ አየሁ። የዓሣው ቅርፊት እስከ ክርኑ ተለጥፎበት ፀሐይ ሲያገኘው ያብረቀርቃል። አንድ ደስታ መጣ፣ ምክንያት የሌለው፣ ከሆዴ የሚነሳ፣ ብቻዬን የሚያስቀኝ። «እኔ» የሚባል ነገር ጠፋ ብል ማጋነን ይሆናል። ነበርኩ፤ ግን ስለ ራሴ የማወራው ነገር አልነበረኝም። ሰውዬው ዓሣውን ይዞ ሄደ፣ ልጁም «እህት፣ ያንቺ ስንት ይሁን?» ሲለኝ ቁጥሩ ጠፍቶኝ ሳቅኩ።

በማግስቱ ያቺን ደስታ ፍለጋ ተቀመጥኩ። የለችም። በፈለግኳት ቁጥር ትርቃለች። ባሰ እንጂ፦ «እኔ እኮ ኩራቴን የጣልኩ ሰው ነኝ» እያልኩ ጓደኞቼን ከላይ ወደ ታች ማየት ጀመርኩ። ጠበቃዋ አዲስ ደንበኛ አግኝታ ነበር፣ ትሑቷን እኔን።

አከራዬ እትዬ ቡና ላይ ያዙኝ። «አንቺ ልጅ፣ በጠዋቱ ሐይቅ ዳር ምን ትሠሪያለሽ?»

«ትንፋሼን አዳምጣለሁ፣ እትዬ።»

«ትንፋሽሽን!» ሳቁብኝ። ትንሽ ቆይተው መቁጠሪያቸውን እያሻሹ፣ «እኔም እኮ አርባ አንዱን እግዚኦ ስል ልቤ ገበያ ደርሶ ይመጣል» አሉ።

«ታዲያ ያኔ ምን ያደርጋሉ?»

«ምን አደርጋለሁ? ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። ሐሳቤ ሄደ ብዬ ከራሴ ጋር ልጣላ?»

የስልኬ አፕ በየወሩ እያስከፈለ የሚነግረኝን ቶናው ሳይቀዳ ነገሩኝ። ጸሎትና የእኔ መቀመጥ አንድ ነው እያልኩ አይደለም፤ እሳቸው የሚያናግሩት አላቸው፣ እኔ ዝም ነው የምለው። ያለመጣላቱን ነገር ግን ከሳቸው ወሰድኩት።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ ስነግራት፣ «እና ዝም ብለሽ ልትረገጪ ነው?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም እኔነትን መተው ሲባል ብዙ ሰው አፍ መዝጋት ይመስለዋል። እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ለወራት በሐሳቤ ስከራከር ለባልደረባዬ አንድ ቃል ተናግሬው አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ጠረጴዛው ጋ ሄድኩና፣ «ያ ሪፖርት የኔ ነበር፣ የሚቀጥለው ላይ ስሜ ይግባ» አልኩት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። የተዘጋጀሁበት ንግግርም አልነበረኝም። ትንሽ አፈረ መሰለኝ። «ልክ ነሽ፣ ይገባል» አለ። ምሳ አብረን ወጣን፣ ሒሳቡን እሱ ከፈለ። እዚህኛው ላይ አልተከራከርኩም።