የ35 ዶላሩ ኢንሱሊን

ኢንሱሊንን 35 ዶላር ያደረገው ማነው? ትራምፕ ወይስ ባይደን? በዚህ ጥያቄ የተነሳ እኛ ፋርማሲ አንዲት እናት ለጥቂት ነው የተረፉት። የተጋነነ ከመሰላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡና ፍረዱ።

የምሠራው ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፤ የፋርማሲ ቴክኒሽያን ነኝ። አካባቢው ሐበሻ የሞላበት ነው። ከካውንተሩ ጀርባ ካለነው ሁለታችን የአገር ልጆች ነን፤ እኔና አንዲት እህታችን። እሷ ፊት ለፊት ቆማ ሂሳብ ትቀበላለች፣ መድኃኒት ታስረክባለች። እኔ ከኋላ ክኒን እቆጥራለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ አሽጋለሁ። ፈጣን ናት፣ ሰው ትወዳለች፣ ዴሞክራት ናት። የመጨረሻውን ጠይቄ አይደለም ያወቅኩት። ሳትጠየቅ ነው የምትናገረው።

ምክንያት አላት። ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ ሜዲኬይድን (ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠውን ኢንሹራንስ) ስታሰፋ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የጤና ኢንሹራንስ ያገኘችው። ከዚያ በፊት ሲያማት ሻይ አፍልታ መተኛት ነበር ሕክምናዋ። ያ ሕግ ያለፈው ጥቂት ሪፐብሊካኖችም ድምፅ ስለሰጡበት እንደሆነ አንድ ቀን ነግሬያት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈችኝ።

ጋሼ ደግሞ የትራምፕ ሰው ናቸው። ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር ሲሆኑ በየወሩ የባለቤታቸውን ኢንሱሊን ሊወስዱ ይመጣሉ። በጋ ከክረምት ኮት ነው የሚለብሱት። ድሮ ለዴሞክራት ነበር የሚመርጡት። በኦክቶበር 2020 ትራምፕ “ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች” ብሎ ሲናገርማ ስሙን የሚጠራ ሰው አጠገባቸው አይቆምም ነበር። ነገሩ የተገለበጠው በዓመቱ ነው። ኖቬምበር 2 ቀን 2021 የባይደን መንግሥት ኢትዮጵያን ከአጎዋ (ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚገባበት የንግድ ዕድል) እንደሚያስወጣ አስታወቀ። አጋጣሚ ሆኖ ቀኑ ቨርጂኒያ ገዥዋን የምትመርጥበት ነበር። ጋሼ በንዴት ሄደው ለሪፐብሊካኑ ያንግኪን መረጡ። ያኔ እንደሳቸው ያደረገ ሐበሻ ብዙ ነው። ያንግኪን አሸነፈ፣ ጋሼም እዚያው ቀሩ። የግድቡ ነገር ሲነሳባቸው “እሱ በአፉ ነው፣ እነዚህ በተግባር ናቸው” ይላሉ።

ወደ ቅዳሜዋ ልመልሳችሁ። ወሩ ኦክቶበር 2024፣ ምርጫው ደፍ ላይ የደረሰበት። በዚያ ላይ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ወቅት ነው። ሰልፉ እስከ ሻምፖው መደርደሪያ ደርሷል። የድራይቭ ስሩ ደወል ይጮሃል። ስልኩ ይጮሃል። ፋርማሲስቷ ክትባት ክፍል ናት።

ጋሼ ተራቸው ደርሶ ሂሳቡን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ሁለት ሃያ ብር አወጡና (ዶላሩን ብር ነው የምንለው፣ መቼስ) ካውንተሩ ላይ አስቀመጡ።

“ሠላሳ አምስት! ትራምፕን እግዚአብሔር ይስጠው።”

እህታችን ፍሪጁን ልትከፍት ዞራ ነበር። እጇ እጀታው ላይ ቀረ።

“ጋሼ፣ ይሄ እኮ የባይደን ሕግ ነው። ኦገስት 2022 ነው የፈረመው።”

“እኔ ከዚያ በፊት ነው 35 መክፈል የጀመርኩት።”

“ተሳስተው ነው።”

“አንቺ ልጅ፣ ከኪሴ የሚወጣውን ብር ልሳሳት? ደረሰኝ አለኝ!”

ድምፃቸው ከፍ አለ። ከአማርኛው መሃል ትራምፕና ባይደን የሚሉት ስሞች ብቻ ለሰልፉ ይሰሙታል። በቂ ነበር። አንዲት ሴትዮ ከኋላ “ትራምፕ ያወረደውን ባይደን ሰረዘው” አሉ በእንግሊዝኛ። ከሳቸው ቀጥሎ ያለው ወጣት “ማንም ፖለቲከኛ አላወረደውም፣ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ናቸው” አለ። ሌላው ሳቀ፤ ሌላዋ ደግሞ ሕፃን ልጇን ይዛ “እባካችሁ እንሂድበት” አለች። የዋሽንግተኑ ምክር ቤት ከሻምፖው ጎን ተሰየመ በሉት።

እህታችን በዚህ መሃል ፍሪጁን ከፈተች። በትከሻዋ ላይ ዞር ብላ “ጃንዋሪ አንድ አይደል?” አለች።

“አዎ፣ ጃንዋሪ አንድ። ግን ስሚኝ…”

ከረጢቱን ሰጠቻቸው። እየተከራከሩ ፈረሙ፣ እየተከራከሩ ወጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞረው “ኖቬምበር ላይ እንተያያለን!” አሏት።

እዚህ ላይ ስለ ጃንዋሪ አንድ ልንገራችሁ። ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት ከመስጠትህ በፊት ስምና የትውልድ ቀን ትጠይቃለህ። ለአሜሪካኖቹ ይሠራል። ለእኛ ግን ፈተና ነው። የአባት ስም እዚህ የቤተሰብ ስም ተደርጎ ስለሚመዘገብ በየመደርደሪያው ስንት በቀለ፣ ስንት ተስፋዬ ተደርድሯል መሰላችሁ። በዚያ ላይ ልደቱን በትክክል የማያውቅ፣ ወይም ወረቀቱ ሲሞላ ዓመቱን ብቻ የተናገረ ሁሉ ጃንዋሪ አንድ ተብሎ ተጽፎለታል። በእኛ ኮምፒውተር ብትሄዱ ግማሹ ሐበሻ በፈረንጆች አዲስ ዓመት የተወለደ ነው። ያን ቀን ፍሪጁ ውስጥ ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ፣ ሁለቱም ጃንዋሪ አንድ የተወለዱ የሁለት እናቶች ከረጢት ጎን ለጎን ተቀምጦ ነበር። የሚለያዩት በዓመተ ምሕረቱና በአድራሻው ብቻ ነው።

ጋሼ ከሄዱ በኋላ ስልኩ ሲጮህ ያነሳሁት እኔ ነኝ። የጋሼ ባለቤት ናቸው። ረጋ ያሉ ሴት ናቸው፤ ምንም አልጮሁም።

“ልጄ፣ የኔ መርፌ ግራጫ ነው። ይሄ ሰማያዊ ነው። ቀይረውት ይሆን?”

ክው አልኩ። እሳቸው የሚወስዱት ላንተስ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቀስ ብሎ የሚሠራው፣ ማታ ሲተኙ የሚወጉት። የተሰጣቸው ሁማሎግ ነበር፤ ከምግብ ጋር የሚወሰድ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ስኳር የሚያወርድ። የላንተሱን መጠን ያህል ሁማሎግ ተወግተው፣ ምግብ ሳይበሉ ቢተኙ ስኳራቸው እንቅልፍ ላይ እያሉ ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ያለውን መገመት አልፈለግኩም። “እትዬ፣ እንዳይነኩት፣ ጋሼን አሁኑኑ ይላኩልን” አልኩና ፋርማሲስቷን ጠራሁ። ሰው ያዳነው የሳቸው ዓይን እንጂ የእኛ ኮምፒውተር አይደለም።

ጋሼ ተመልሰው መጡ። በአንድ እጃቸው ከረጢቱን ይዘዋል። በሌላው ምን ይዘዋል ብትሉ፣ በላስቲክ የታሰረ የደረሰኝ ክምር! ፋርማሲስታችን ዓይኗ ከረጢቱ ላይ ነው፤ ታሽጎ መሆኑን፣ እንዳልተወጉ ታያለች። እሳቸው ደግሞ ደረሰኙን ነው የሚያስጨብጧት። ሚስታቸው ስላመለጡት አደጋ ሲነገራቸው “ተመስገን፣ ተመስገን” አሉና ወዲያው “ግን 2021ን እዪልኝ” አሉ።

ያ ሰማያዊ መርፌ አንዴ ከፋርማሲው ስለወጣ ተመልሶ ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ ተጣለ። ፋርማሲስቷ የስህተት ሪፖርቱን ሞላች። እህታችንን አልጮኸችባትም። ያለቻት አንድ ነገር ነው፦ “መልሱን አንቺ አትንገሪያቸው፣ እነሱ ይንገሩሽ።” “ጃንዋሪ አንድ አይደል?” ብለህ ከጠየቅክ ሰው አዎ ነው የሚልህ። በተለይ አፉ ሌላ ክርክር ላይ ከሆነ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመተ ምሕረቱን ደንበኛው ራሱ ይናገራል፤ ቀጥሎ አድራሻውን። ከረጢቱ ተከፍቶ መድኃኒቱ ለዓይን ይታያል። ካውንተር ላይ ፖለቲካ ማንሳት ደግሞ ለሠራተኛ ክልክል ሆነ። ደንበኛውማ ማን ይከለክለዋል።

ማታ ሰው ሲቀል ፋርማሲስቷ የእትዬን የክፍያ ታሪክ ከፈተችው። እኔ በበኩሌ ጋሼ እንደሚያፍሩ ተዘጋጅቼ ነበር። አላፈሩም። ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ በየወሩ 35 ዶላር ከፍለዋል። ከዚያ በፊት ቁጥሩ እንደ ወሩ ይዘላል፤ አንዴ ይወርዳል፣ አንዴ ሰማይ ይነካል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2020 የትራምፕ መንግሥት የሜዲኬር ፓርት ዲ ኢንሹራንሶች (ሜዲኬር በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ ነው፣ ፓርት ዲ ደግሞ የመድኃኒቱ ክፍል) ከፈለጉ ኢንሱሊንን በወር ቢበዛ በ35 ዶላር እንዲያቀርቡ የሙከራ ፕሮግራም አወጣ። ሥራ ላይ የዋለው በጃንዋሪ 2021 ነው። ግዴታ አልነበረም፤ የገባ ገባ፣ ያልገባ ቀረ። የእትዬ ኢንሹራንስ ገብቶ ነበር። ባይደን የፈረመው ሕግ ግን ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ለፓርት ዲ ኢንሹራንሶች በሙሉ ግዴታ አደረገው። ሴኔት ውስጥ አንድም ሪፐብሊካን አልደገፈውም፤ 50 ለ50 ሆኖ ካማላ ሃሪስ ናት በድምፅዋ የለየችው። እህታችን ካውንተር ላይ ቆማ ያየችው ይሄንን ነው። እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ ሂሳብ ሰምተው ኢንሱሊናቸውን ትተው የሚሄዱ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ኢንሹራንሳቸው ሙከራው ውስጥ ያልገባ። በ2023 እነሱም 35 ከፍለው መውሰድ ጀመሩ። እሷ የነሱን ፊት ታስታውሳለች፣ ጋሼ የራሳቸውን ደረሰኝ።

ሰልፉ ላይ የነበሩትም ዝም ብለው አይደለም የተናገሩት። ሴትዮዋ “ባይደን ሰረዘው” ያሉት ሌላ ደንብ ነው። ትራምፕ በ2020 አቅም የሌላቸውን የሚያክሙ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች ኢንሱሊንን በገዙበት ቅናሽ ለድሃ በሽተኞቻቸው እንዲሰጡ አዞ ነበር፤ የባይደን መንግሥት መጀመሪያ አዘገየው፣ ቀጥሎ ሰረዘው። የሜዲኬሩን 35 ዶላር ግን አልነካውም። “ኩባንያዎቹ ናቸው” ያለው ልጅም ግማሽ እውነት አለው። የላንተስ አምራች ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የተለጠፈውን ዋጋ 78 በመቶ ቀንሷል። ከደግነት ብቻ አይመስለኝም። በ2021 የወጣ ሕግ ዋጋ እየቆለሉ የሚሸጡ ኩባንያዎች ለሜዲኬይድ መልሰው የሚከፍሉት ገንዘብ የነበረው ጣሪያ ልክ በዚያው ጃንዋሪ እንዲነሳ አድርጎ ነበር። ሳይቀንሱ ቢቆዩ ኪሳራው የነሱ ነበር።

በጣም የሚያናድደኝ ግን ማንም ያላነሳው ነው። ሜዲኬር የሌለው፣ በሥራ ቦታው ኢንሹራንስ ያለው ወጣት ስኳር በሽተኛስ? እሱንም 35 ዶላር ውስጥ ሊያስገባ የነበረው አንቀጽ ኦገስት 2022 ሴኔት ውስጥ 57 ለ43 ድምፅ አግኝቶ ወደቀ። ዋናው ሕግ በአብላጫ ድምፅ ቢያልፍም፣ ለዚህ አንቀጽ ግን በሴኔቱ ደንብ 60 ያስፈልገው ነበር። ሰባት ሪፐብሊካኖች ደግፈውት ሳለ ማለት ነው። በጁን 2024ቱ የቴሌቪዥን ክርክር ሁለቱ ሰዎች ግን በሽማግሌዎቹ ኢንሱሊን ላይ ነው የተሻሙት። ትራምፕ ያወረድኩት እኔ ነኝ አለ። ባይደን ደግሞ 35 ማለት ሲገባው 15 ዶላር አለ። ፈራሚው ራሱ ቁጥሩን ከሳተ ጋሼና እህታችን ምን ያድርጉ?

ፋርማሲስቷ ይሄን ሁሉ እያስረዳች እኔ እያስተረጎምኩ ጋሼ በጥሞና ሰሙ። እህታችንም አጠገባቸው ቆማ ሰማች። ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ አበቃ ብዬ ነበር።

ጋሼ ኮታቸውን እያስተካከሉ “ስለዚህ የጀመረው እሱ ነው” አሉ።

እህታችን ካውንተሩን እየጠረገች “ለሁሉም ያደረሰው ባይደን ነው” አለች።

አሁን ጋሼ ሲመጡ የባለቤታቸውን ልደት ከነዓመተ ምሕረቱ፣ አድራሻቸውን ከነዚፕ ኮዱ ይናገራሉ። ከረጢቱን አስከፍተው ግራጫ መሆኑን ያያሉ። ከዚያ የደም ግፊት መለኪያው ወንበር ላይ ሄደው ይቀመጡና እህታችን ለእረፍት እስክትወጣ ይጠብቃሉ። በ2025 ሜዲኬር ያለው ሰው ለፓርት ዲ መድኃኒት ከኪሱ የሚያወጣው በዓመት ከ2,000 ዶላር እንዳያልፍ ተደርጎ ነበር። ጋሼ ይሄም የትራምፕ ነው ይላሉ፤ በጃንዋሪ 2025 አይደል ሥልጣን የያዘው?

“ጋሼ፣ እሱ የገባው ጃንዋሪ 20 ነው። ይሄ የጀመረው ጃንዋሪ 1 ነው። ሕጉም የ2022ቱ ነው።”

“ጃንዋሪ ያው ጃንዋሪ ነው” ይሏታል።