ቀዩ መብራት ሲጠቅሰኝ

ባለፈው ክረምት ነው፣ እዚሁ ጅማ የድሮ ቡና ነጋዴዎችን እየዞርን ቃለ መጠይቅ የምናደርግበት አንድ የጥናት ሥራ ላይ ነበርኩና ለሪከርደር መግዣ ብር ተለቀቀ። ምን እንግዛ ሲባል አዋቂው እኔ ሆንኩ። ሁለት ማታ ዩቲዩብ ላይ አፍጥጬ አደርኩና ዙም ኤች4ኤን የሚባለው ሪከርደር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። የሂሳብ ክፍሏ ልጅ "ሽማግሌ ለመቅዳት ይሄን ሁሉ ብር?" ብላኝ ነበር፣ "ጥራት ነው እህቴ" ብዬ ዘጋኋት።

ዕቃው መጥፎ አይደለም፣ እንዳታስቡ። ከላይ ሁለት ማይክ እንደ ቀንድ ተቆላልፈው፣ ከስር ደግሞ ትልልቁን የማይክ ገመድ የሚሰኩበት ሁለት ቀዳዳ፣ ይዘኸው ስትሄድ ጋዜጠኛ ያስመስልሃል። እውነቱን ለመናገር ግማሹን የገዛሁት ለዛ ነው 😅

የመጀመሪያው ሰው ወደ ጅሬን መውጫ የሚኖሩ አንድ ሀጂ ናቸው። በባጃጅ ደረስን፣ በርጩማ ቀረበ፣ ቡናው ተፈላ፣ እኔም ዕቃዬን ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጬ መቅጃውን ተጫንኩት። ቀይ መብራት በራ፣ ሀጂ ሲናገሩ የድምፁ መለኪያ ስክሪኑ ላይ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ምን ቀረኝ? አንድ ሰዓት ከምናምን አወሩ። አባታቸው በአባ ጅፋር ጊዜ ቡና በበቅሎ ጭነው ሲወጡ፣ ጊቤ ሞልቶ በቅሎዋ አልሻገርም ብላ ዳር ላይ ስትቆም፣ ያባበሏትን ድምፅ ራሱ እያወጡ፣ እኛ በሳቅ ፍርስ። መሀል ላይ ግን አቋረጡና ዕቃውን በዱላቸው ጫፍ እያሳዩ "ልጄ፣ ይሄ መብራት ምን ሆኖ ነው የሚጠቅሰኝ?" አሉኝ። "እየቀዳ ነው ሀጂ" አልኳቸው። በሙሉ ልብ ነው ያልኩት።

ማታ ቢሮ ካርዱን ላፕቶፕ ላይ ስሰካው ባዶ። ምንም የለም። ፎርማት አድርጌው ይሆን፣ ሌላ ፎልደር ገብቶ ይሆን እያልኩ እስከ ሦስት ሰዓት ስቆፍር ቆየሁና በመጨረሻ ካርቶኑ ውስጥ ላስቲኩ እንኳን ያልተቀደደውን ማኑዋል አወጣሁ። ለካ ይሄ ዕቃ መቅጃውን አንዴ ስትጫነው የሚዘጋጀው ብቻ ነው፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ድምፅህን እንድታስተካክል መለኪያው ይሠራል፣ ሄድፎን ብትሰካ ድምፁም ይሰማሃል፣ ግን አይቀዳም። ሁለተኛ ስትጫነው ነው መብራቱ ቀጥ ብሎ የሚበራውና ሰዓት ቆጣሪው የሚሄደው። ሀጂ ያዩትን እኔ አላየሁም። ለባለሙያ ጥሩ አሠራር ነው፣ እንደኔ ቡና እየጠጣ ለሚቀዳ ሰው ግን ጉድጓድ ነው።

ጠዋት ለአለቃችን ስነግረው ዝም ብሎ አየኝ፣ ቢሰድበኝ ይሻል ነበር። የሂሳብ ክፍሏ ልጅ እንኳን ምንም አላለችም፣ እሷ ፈገግ ብላ ብቻ አለፈች።

ከዛ በኋላ ምርጫችን ተቀየረ። አንዱ ልጅ ስልክ ይበቃል አለ፣ ግን መሀል ላይ ይደወላል፣ ባትሪም ያልቃል። እኔ ሶኒ ፒኤክስ470 የምትባለዋን ትንሿን አልኩ፣ አንዴ ስትጫናት ትቀዳለች፣ አለቀ፣ ትንንሾቹን ባትሪ ድንጋዮች ሁለት ነው የምትፈልገው፣ ዩኤስቢዋም ከራሷ ውስጥ ስለሚወጣ ገመድ ረሳሁ ብሎ ነገር የለም። ፋይሉም ሌላ ጉዳይ ነው፦ ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው በዌቭ የአንድ ሰዓት ቅጂ ከ600 ሜጋ በላይ ይወጣል፣ ጨምቆ በሚያስቀምጠው በ128ቱ ኤምፒስሪ ግን 60 እንኳን አይሞላም፣ አዲስ አበባ ሆና ቅጂውን ወደ ጽሑፍ ለምትገለብጠው ልጅ በእኛ ኔትወርክ የትኛው እንደሚደርስ ገምቱ። ለሙዚቃ ቢሆን አልከራከርም ነበር፣ ለወሬ ግን ይበቃል።

የቀረው ዝናቡ ነበር። ሐምሌ ላይ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ድምፁን በራሱ የሚያስተካክለውን አውቶ ካበራችሁት ሰውዬው ዝም ባለ ቁጥር ጣራውን ያጎላዋል፣ ስትሰሙት ፏፏቴ ስር የተቀዳ ነው የሚመስለው። እሱን ትተን ኮሌታ ላይ የምትቆነጠጥ ርካሽ ማይክ ሰካን፣ አፍ አጠገብ ስትሆን ዝናቡ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ጨርሶ ባይጠፋም።

ሀጂ ጋር በሳምንቱ ተመለስን። ሁለት ኪሎ ስኳር ይዤ ሄድኩ። ማይኳን ጋቢያቸው ላይ ስቆነጥጥ ወደ ሪከርደሯ ጎንበስ ብለው "ዛሬስ አይጠቅስም?" አሉ። አይጠቅስም አልኳቸው፣ ቆጣሪው ሲሄድም አሳየኋቸው። የቡናውን ነገር፣ የዋጋውን፣ የመንገዱን ሁሉ በደንብ ነገሩን። በመጨረሻ "ሀጂ፣ የጊቤዋንስ በቅሎ?" አልኳቸው።

"እሷንማ ነግሬህ የለም እንዴ?" አሉና ስኒያቸውን ለልጅቷ አቀበሉ።